ሁለት ሰው የሚቀባት ጀልባ

ጀልባዋ ወደ ግቢው የገባችው የብረት በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ከመኪናው ላይ አውርደው፣ በጎኗ አጋድመው፣ «ቀስ በል፣ በኔ በኩል ቀስ በል» እየተባባሉ ሲያስገቧት የቤቱ ባለቤት በረንዳው ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ታይ ነበር። ዓይኗ ጀልባዋ ላይ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሟ ላይ ነው። እሱ ከፊት ከፊት እየሄደ ይመራል፣ ያበረታታል፣ ይቀልዳል። ላብ የሚያንጠፈጥፉት ሰዎች እንኳ በቀልዱ ይስቃሉ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ጀልባዋ በአሮጌ ጎማዎች ላይ ተደፍታ ከተቀመጠች በኋላ ወንድሟ እጁን እያራገፈ ወደ በረንዳው መጣ።

«ለጥቂት ጊዜ ነው እትዬ» አላት።

«ጥቂት ማለት እስከ መቼ ነው?»

«ቀለም ቀብቼ እስካወጣት።»

«የማን ናት?»

«የኔ ናት። ገዝቻት ነው።»

«ከማን?»

ፈገግ አለ። «አንቺ ደግሞ፤ መጀመሪያ ውሃ ስጪኝ እስቲ።»

ውሃውን ሰጠችው። ጥያቄዋን ግን ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ተቆጣጣሪዋ» ነው የሚላት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ዕድሜዋን የገፋችው በከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት በመቆጣጠር ነው። ከአንዱ ፌርማታ ትሳፈራለች፣ ቀጣዩ ላይ ትወርዳለች፣ ሌላ አውቶቡስ ትጠብቃለች። የሰው ፊት ማንበብ የተማረችው እዚያ ነው። ቲኬት ያለው ሰው ተቆጣጣሪ ሲገባ ቀና ብሎም አያይም፤ ሲጠየቅ ኪሱን እየዳበሰ ይነጫነጫል፣ መጨረሻ ላይ ከጃኬቱ ሽፋን ውስጥ ተጨማዶ ያገኘዋል። ቲኬት የሌለው ግን ከተማውን ዛሬ ገና እንዳየ ሰው በመስኮት አፍጥጦ ወደ ውጭ ይመለከታል። ወይም ደግሞ «እንዴት ዋልሽ እህቴ፣ ዛሬ ሙቀቱ አልከበደሽም?» ይላል። ያለ ምክንያት ፈገግ ብሎ ሰላም የሚላት ሰው ቲኬት አይኖረውም። ይህን አንድ ጊዜ ካወቀች በኋላ ረስታው አታውቅም። የገዛ አጎቷን ሳይቀር በዚሁ ፈገግታ ለይታ ከአውቶቡስ አስወርዳዋለች፤ አጎትየውም እስኪሞት ድረስ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ሲያወራባት ኖሯል።

ትዳርም ይዛ ነበር። ባሏ የመድኃኒት ቤት ሻጭ ነበር። ባመሸ ቁጥር ኮቱን ታሸታለች፣ ኪሱን ትፈትሻለች፣ የተናገረውን ከትናንቱ ጋር ታስተያያለች። አንድ ቀን «ሰው እንዴት ከተቆጣጣሪ ጋር ይኖራል?» ብሎ ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። የሄደው ሌላ ሴት ጋ ነው። ጥርጣሬዋ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር፤ ልክ መሆኗ ግን አልጠቀማትም፤ ሰፊ ግቢ ያለው የወላጆቿ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

ከምትጠረጥራቸው ሰዎች ሁሉ ፊት የሚሰለፈው ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱን ደግሞ ሰፈሩ «ቅቤው» ይለዋል፤ ምላሱ ስለሚጥም ነው። ያልሞከረው ሥራ የለም፣ የሰነበተበት ሥራም የለም። አስተናጋጅ ነበር፣ ደላላ ነበር፣ ባትሪ ሻጭ ነበር። እናታቸው በታመመችበት ዓመት የስፌት መኪናዋን «ላሠራው ነው» ብሎ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወጣ። መኪናው በዚያው ቀረ። ስለ መኪናው ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም፤ ግን ወንድሟ በሩን ባንኳኳ ቁጥር እሷ የምታየው መኪናው የነበረበትን ባዶ ጥግ ነው።

ታዲያ ለምን አስገባችው? ጎረቤቷም ይህንኑ ጠይቃት ነበር። «ከዓይኔ ርቆ ከሚሠራው ከዓይኔ ሥር ቢሠራው ይሻላል» አለቻት።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ወንድሟ ጀልባዋን ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እንደገዛት አወራ። ሰውየው ደክሞት ከልጆቹ ጋር ሊኖር ስለሄደ በርካሽ ለቀቀለት። ተቆጣጣሪዋ እየበላች ሰማችው። ሰንበት ብሎ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ በወጥ ቤቱ መስኮት ድምፁን ሰማች፤ በአጥር ላይ ከጎረቤት ጋር እያወራ ነው። «የመዝናኛ ቤት ነበረች፤ ባለቤቱ እንግዶችን ሐይቁን የሚያዞርባት» ይላል። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ዓሣ አጥማጁ የት ገባ? ምንም አላለችም። ሰው ሲጠየቅ መልስ ያበጃል፤ ዝም ከተባለ ግን ራሱ ይዘባርቃል፤ ይህም ከአውቶቡስ የተማረችው ነው።

ገዥ እንዳገኘላትም ነግሯታል። ሰውየው በሐይቁ ላይ ሰው የሚያሻግር ባለ ጀልባ ነው፤ ጠዋት ማዶ ላይ የሚያስተምሩ መምህራንን፣ ከሰዓት ደግሞ ዕቃቸውን የተሸከሙ ነጋዴ ሴቶችን ያመላልሳል። ቀለሟ ሲያልቅ ሊያያት ቃል ገብቷል።

ወንድሟ ሥራውን በማጠብ ጀመረ። በሳሙናና በሻካራ ብሩሽ ሲፈትጋት ከላይዋ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ውሃ ይወርዳል። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ መጣ። ጀልባዋ ፋይበር ግላስ ናት፤ የመስታወት ክር በሬዚን ተለጥፎ የደረቀ ነገር ስለሆነ ብናኙ ቆዳ ይበላል። ወንድሟ እጅጌውን እስከ መዳፉ አውርዶ፣ አፍና አፍንጫውን ጠቅልሎ ቀኑን ሙሉ ይፍቃል። ተቆጣጣሪዋ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ታየዋለች። ይህን ያህል ሲሠራ አይታው አታውቅም። ያሠጋትም ይኸው ነው። ሰነፍ ሰው በአንድ ጊዜ ጎበዝ ከሆነ አንድ ነገር አለ።

ቀለም ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን በተመለሰ ማግስት እሷ ራሷ ወደ ቀለም ቤቱ ሄደች። ባለ ሱቁ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ጣቶቹ መቼም የማይለቅ ቡናማ ቀለም ይዘዋል።

«ወንድሜ ምን ፈለገ?» አለችው።

«ጠይቆ ነው የሄደው እትዬ። የጀልባ ቀለም ፈልጎ ነበር፣ ግን በስፕሬይ የሚረጭበት ኮምፕሬሰር የለኝም አለ። ባይኖርህ ይሻልሃል አልኩት። ያ ቀለም በአየር ሲረጭ ሳንባ ይጎዳል፤ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ጭራሽ አይሞከርም። በሩሎና በብሩሽ ያምራል፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል እንጂ።»

«ለምን ሁለት?»

«ቶሎ ይደርቃላ። አንዱ በስፖንጅ ሩሎ ሳሳ አድርጎ ያለብሳል። ሌላው ከሥር ከሥሩ እየተከተለ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ዳበስ ያደርገዋል፤ ሩሎው የተወውን አረፋ ለማጥፋት ነው። አንድ ሰው ሩሎ አስቀምጦ ብሩሽ እስኪያነሳ ድረስ የቀለሙ ጠርዝ ይደርቅና መስመር ይሠራል። መስመሩ አንዴ ከወጣ ደግሞ እንደገና መፋቅ ነው።»

«ሌላስ ምን ጠየቀ?»

ባለ ሱቁ ትንሽ አሰበ። «ከሥር ያለውን ሁሉ የሚሸፍነው የቱ ነው አለኝ።»

ይህን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሥር ያለውን ሁሉ። ምን አለ ከሥር? መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት እንኳ አልሰማችም። ቤት ስትደርስ ወንድሟ ብሩሹን የሚይዝለት ጓደኛ እንደሚጠራ ነገራት።

«ማንንም አትጥራ» አለችው። «ብሩሹን እኔ እይዛለሁ።»

«አንቺ?»

«ምነው፣ እጅ የለኝም?»

ወንድሟ አያት፣ አያትና ሳቀ። ለምን እንደፈለገች ገብቶታል። «እሺ እትዬ» አለ።

ነገሩ የተገለጠው በድንገት ነው። ከሰዓት ሻይ ይዛለት ወጥታ፣ እሱ እጁን እስኪታጠብ ከጀልባዋ ኋላ ሞተር ከሚታሰርበት ጋ ቆመች። ሻይ ያማሰለችበት ማንኪያ በእጇ ነበር። እንዲሁ ሳታስበው ጀልባዋን በማንኪያው ነካ ነካ አደረገቻት። ጥርት ያለ፣ እንደ ሸክላ ሳህን ያለ ድምፅ ሰጠች። እጇ ወደ ታች ወረደ። እዚያ ጋ ድምፁ ሞተ። ዱብ፣ ዱብ አለ፤ ካርቶን የምትመታ ነው የሚመስለው። ደገመችው፤ ያው ነው። ዙሪያውን እየመታች ድምፁ የሚለወጥበትን ድንበር በጣቷ ተከተለች። የምሳ ትሪ ያህላል። ጎንበስ ብላ ስታይ ነጩ ቀለም እዚያ ላይ ከሌላው ትንሽ ይሳሳል፤ ከሥሩ ቀዳዳ የተሞላበት የቆየ ስቱኮ ይታያል።

«ና እስቲ» አለችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

ወንድሟ እጁን በሱሪው እያደረቀ መጣና ማንኪያውን ተቀብሏት መታ። መታና ቆመ። እንደገና መታ። እሷ ማንኪያውን ትታ ፊቱን ነበር የምታየው። ፈገግታውን ጠበቀች። አልመጣም። እዚያው ጎማው ላይ ቁጭ አለ።

«ይሄን አላውቅም ነበር» አለ።

«ከሥር ያለውን ሁሉ የሚሸፍን ቀለም ስትጠይቅ አታውቅም ነበር?»

ቀለም ቤት መሄዷን አሁን ማወቁ ነው፤ ግን አልተቆጣም። «እሱ ለሰማያዊው ነው እትዬ። ከነጩ ሥር ሰማያዊ አላት፤ በአዲሱ ቀለም ላይ እንዳይታይ ብዬ ነው።»

መልሱ ልክ ይመስላል። ልክ የሚመስል መልስ ደግሞ እሷን ከሁሉ የበለጠ ያሠጋታል።

«ከማን ነው የገዛሃት? ከዓሣ አጥማጁ ነው ከባለ መዝናኛው?»

«ጀልባዋ የመዝናኛ ቤቱ ነበረች፤ ለኔ የሸጠልኝ ዓሣ አጥማጁ ነው። ምን ልዩነት አለው?»

ልዩነት መኖር አለመኖሩን ልታጣራ በማግስቱ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። እዚያ የጀልባ ሞተር የሚጠግን ሰው አለ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ ጠቁሮ ስለሚውል «ግሪሱ» ይሉታል። የጀልባዋን መልክ ስትነግረው እጁን በቤንዚን እየታጠበ ራሱን ነቀነቀ።

«እሷማ የታወቀች ናት። የመዝናኛ ቤቱ ነበረች። ኋላዋን አሮጌው የጀልባ ማቆሚያ ምሰሶ ላይ አላትመዋት፣ ክረምቱን በሙሉ ግማሽ አካሏ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ከረመች። ኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ በቁራሌ ሒሳብ ወሰዳት፣ ስቱኮ ለቀለቀ፣ ነጭ ቀለም ደረበ፣ ሸጠ።»

«ለማን?»

«ምላሱ ለሚጥም አንድ ሰውዬ። አገላብጦ እንኳ አላያትም እኮ እትዬ፤ ጎኗን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ‹ይህቺ ገና ልጅ ናት› ብሎ ወሰዳት። እኛ እዚህ ሆነን ስንስቅ ነበር።»

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለችው።

ግሪሱ ቀና ብሎ ሲያያት ሳቁን ዋጠው። ለምን እንደተቆጣች እሷም አልገባትም። ስንትና ስንት ዓመት ወንድሟ ሰው ሲያታልል እንጂ ሲታለል አስባው አታውቅም። እዚያ ዳር ላይ ቆሞ ጀልባዋን እየዳበሰ ደስ ሲለው፣ እነዚህ ደግሞ ከኋላው ሲጠቃቀሱ ታያት።

እስከ ቤቷ መታጠፊያ ድረስ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። የተታለለ ሰው እንዴት ማታለል እንደሚቻል ያውቃል። ዓሣ አጥማጁ ያደረገውን ለማድረግ አሁን የሚጎድለው ቀለም ብቻ ነው። ግቢው ስትገባም ወንድሟ ዝርግ ሳህን ላይ ስቱኮ እየለወሰ አገኘችው።

«ለምኑ ነው?» አለችው።

«ለጭረቶቹ።»

«ለዚያኛውስ?»

ስቱኮውን እየለወሰ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያለኝን ሁሉ እሷ ላይ ነው የጨረስኩት እትዬ። ማንም አያውቅም» አለ።

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ መቼ ሳታውቂ ቀርተሽ ታውቂያለሽ።»

«ሰው ነው የሚጫንባት። መምህራን ናቸው፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ናቸው። ሐይቁ መሃል ላይ ኋላዋ ተገንጥሎ ቢወጣስ?»

«ለሰውየው እነግረዋለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ሊያያት ሲመጣ።» ይሄኔ ፈገግ አለ። ያቺኑ ፈገግታ ስታይ አንዱንም ቃል አላመነችም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክትትል ነበራት። ወንበር ላይ ተሰልፋ ተቀመጠች፤ ግን አላስቻላትም። አሁን ስቱኮውን እየሞላ ነው፤ አሁን እያለሰለሰ ነው፤ እስክመለስ ድረስ ምልክቱ አይገኝም እያለች ተቁነጠነጠች። ነርሷ ስሟን ስትጠራ እሷ በሩ ላይ ነበረች። ጥግ ጥጉን ይዛ ወደ ቤቷ ገሰገሰች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ የግራይንደር ጩኸት ሰማች። ግራይንደር የለውም፤ ከሰው ተውሷል ማለት ነው፤ ያውም እሷ ከቤት በወጣችበት ሰዓት። «ደረስኩብህ» አለች በልቧ። በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች።

ግቢው በነጭ ብናኝ ተሸፍኗል። ወንድሟ ራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቅንድቡ ነጥቶ፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስሏል። የጀልባዋ ኋላ ላይ ያ ትሪ የሚያህለው ቦታ የለም። ክብ ሆኖ ተቆርጦ ወጥቷል። ከሥሩ የነበረው እንጨት ወጥቶ መሬት ላይ ወድቋል፤ ጠቁሮ፣ ርሶ፣ እንደ ተነከረ ዳቦ ይፈረፈራል። የጭቃ ሽታ ይሸታል።

ሲያያት ግራይንደሩን አጠፋ።

«ምን አደረግክ?»

ጨርቁን ከአፉ ላይ አወረደ። «ቆረጥኩት።»

«ለምን?»

«ቀለም ከነካው በኋላ ራሴን ስለማላምን ነው።» መሬቱን እያየ ነበር የሚያወራው። «እነግረዋለሁ ያልኩሽ የምሬን ነው። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ስታብለጨልጭ፣ ሰውየውም ደስ ሲለው፣ አፌ ሌላ ነገር ማውራት ይጀምራል። ተቦድሶ ካየው ግን ምን አወራለሁ?»

ተቆጣጣሪዋ ይህም ተንኮል ይሆን እንዴ ብላ አሰበች። ዞር ብላ ቀዳዳውን አየች። ጣቷን ሰደደች፣ መሬት ላይ ከወደቀው የበሰበሰ እንጨትም ቆንጥራ አሸተተች። የቀረ ብስባሽ የለም፤ እስከ ደህናው ድረስ ቆርጦታል። ከዚያ ቀና ብላ ግቢውን ቃኘች።

«ብናኙ የተሰጣው ልብስ ላይ ደርሷል» አለችውና ልብሱን ልታነሳ ሄደች።

ጥገናው ጊዜ ወሰደ። ደረቅ እንጨት በልክ ገባ፣ በላዩ የፋይበሩ ጨርቅ በሬዚን እየራሰ ተደራርቦ ተለጠፈ፣ ደረቀ፣ ተፋቀ። ግሪሱ ራሱ መጥቶ በጣቱ እያንኳኳ አየው፤ ሳቅ አልነበረም። መነሻው ቀለም ተቀባ፣ እሱም በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ለሰለሰ። ተቆጣጣሪዋ በየደረጃው በመዳፏ እየዳበሰች «እዚህ ጋ ይሻክራል፤ እዚህ ጋ ዘለልከው» ትላለች። ወንድሟ ያጉረመርማል፣ ግን ይፍቃል።

የመጨረሻው ቀለም ቀን ጠዋት ነፋስ የለም፤ ሰማዩ ደመናማ ነው። ብናኝ እንዳይነሳ ግቢውን ውሃ አርከፈከፉበት። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቀው ጀልባዋን በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ወለወሏት። ሁለቱን ጣሳ፣ ቀለሙንና ማድረቂያውን፣ ደባልቀው አማስለው ለጥቂት ጊዜ ተዉት። ጓንት አጠለቁ፣ ጭምብል አደረጉ፣ ከፊቷ ጀመሩ።

እሱ ሩሎውን ከላይ ወደ ታች ይነዳል። እሷ ከሥር ከሥሩ ትከተላለች፤ ብሩሹን አዘንብላ በጫፉ ብቻ ዳበስ ታደርጋለች። የሩሎው አረፋ ብሩሹ ሲነካው ይጠፋል፤ ቀለሙ እንደ ወተት ይተኛል።

«አትጫኚው» ይላል።

«አንተ አትሩጥ» ትላለች።

አንድ ጎን ሊያልቅ ሲል ወንድሟ ሩሎውን ሳያቆም፣ ዞር ሳይል፣ «የእናታችንን የስፌት መኪና እኔ አልሰረቅኩትም» አለ።

ብሩሿ ቀጥ ሊል ነበር። ግን ቀለሙ አይጠብቅም፤ ቀና ብላ ፊቱን ብታይ ጠርዙ ደርቆ መስመር ይሠራል። ዳበስ አደረገች።

«ሽጠው ያለችኝ እሷው ናት» አለ ወንድሟ። «ለምትወጋው መርፌ መግዣ ነው። ‹እህትህ ደሞዟ እንዳልበቃ ካወቀች ታዝናለች፤ አንተ ላሠራው ነው ብለህ ውሰደው› አለችኝ። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ላለው ልብስ ሰፊ ነው የሸጥኩት። ብሩን ለእናታችን ሰጠሁ፤ ከዚያ ዓይንሽን ማየት አቃተኝ።»

ዳበስ፣ ዳበስ። እናቷ ያኔ መርፌውን «ሆስፒታሉ በነፃ ሰጠኝ» ብላት ነበር። ተቆጣጣሪዋ ሆስፒታል በነፃ ሲሰጥ አይታ አታውቅም፤ ግን የእናቷን ፊት መፈተሽ አልፈለገችም። ነገሩ ይገጥማል። እንዲገጥም ተደርጎ የተነገረም ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ለምን ፊቱን ማየት የማትችልበትን ሰዓት መረጠ? ወይስ እሱ ነው የሷን ፊት ማየት ያልቻለው?

«ሩሎህ ደርቋል፤ ንከር» አለችው።

ከዚያ ወዲህ በፖስታ ቤቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ አልፋለች። ልብስ ሰፊው አሁንም አለ፤ በሩ ላይ ቆሞ ክር ሲያጠነጥን ታየዋለች። ገብታ መጠየቅ የአፍታ ሥራ ነው። እስካሁን አልገባችም።

ሁለተኛውም እጅ ተቀብቶ ሲደርቅ ጀልባዋን ገልብጠው ቀና አደረጓት፤ እንደ መስታወት የሰው ፊት ታሳይ ነበር። አፍንጫዋ ጋ አንድ ትንኝ ተጣብቃ ደርቃለች፤ ከዚያ በቀር እንከን የላትም። በውስጥ በኩል ግን የተጠገነው ቦታ ሳይቀባ እንዲቀር ተቆጣጣሪዋ አዝዛለች። የሚገዛት ሰው ይየው ብላ ነው።

ገዥው መጣ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ የሚደፋ ሰው ነው። ዙሪያዋን ዞሮ አደነቀ፤ «በስፕሬይ ነው አይደል?» አለ። በሩሎ ነው ሲባል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ውስጧን አየ።

«ይሄስ?»

ወንድሟ ሁሉንም ነገረው። ምሰሶው ላይ መላተሟን፣ ጭቃ ውስጥ መክረሟን፣ እንዴት ቆርጦ እንዳወጣው፤ አስቀምጦት የነበረውን የበሰበሰ እንጨት ሳይቀር አምጥቶ አሳየው። ተቆጣጣሪዋ በረንዳው ላይ ሆና በሰማች ቁጥር ገረማት፤ አንድ ነገር አላዛባም። ሰውየው ግን እያንዳንዱን ቃል በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

«ይሄን ሁሉ የምትነግረኝ ለምንድን ነው?» አለ በመጨረሻ።

«እንድታውቀው ነዋ።»

«ይሄን ከነገርከኝ ያልነገርከኝ ደግሞ ስንት ይሆን?» አንዴ ወንድሟን፣ አንዴ እሷን አየ። «እርስዎስ እናቴ፣ የሚሉት የለም?»

«ያለው በሙሉ ይኸው ነው» አለችው ተቆጣጣሪዋ። ዓይኑን ስታየው እንዳላመናት ታወቃት። ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው።

ሰውየው አስቤበት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። ኋላ ግሪሱ እንዳወራው ከሐይቁ ዳር አዲስ የተቀባች ሌላ ጀልባ ገዝቷል። ሻጩ ያው ዓሣ አጥማጅ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ወንድሟ «ያንቺ ጣጣ ነው» እስኪላት ጠበቀች። ተዘጋጅታም ነበር። አላላትም። ለተወሰነ ቀን ተክዞ ሰነበተና ሞተር በኪራይ ፈልጎ ራሱ ሰው ማሻገር ጀመረ። ዕቃውን አምጥቶ ከጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ገባ። እሷ መጀመሪያ ሰሞን በእግር ጉዞ ስም ወደ ሐይቁ ዳር እየወረደች ከዛፍ ጥላ ሥር ሆና ታየው ነበር። ከልክ በላይ ይጭናል ብላ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ከረጢት የተሸከመ ሰው «እኔን ብቻ» ብሎ ሲለምነው ወንድሟ እጁን አወዛውዞ ትቶት ሲሄድ አየች። ደስ ሊላት ሲል አይቶኝ ይሆናል ብላ አሰበች። ማታ አይቷት እንደነበር ስትጠይቀው «የት ሆነሽ?» አላት። ይህንንም አላመነችውም፤ ግን እራቱን ትልቁን ድርሻ አወጣችለት።

ቀለሟን ያየ ሁሉ የት እንደተቀባች ይጠይቃል። እንዲህ እያለ ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው አነስተኛ ጀልባ በመኪና ጭኖ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ወንድሟ ቀድሞ ወጣ፣ ፈገግ አለ።

«ቀላል ነው» አለው። «በዚህ ሳምንት ትወስዳታለህ።»

«አይደርስም» አለች ተቆጣጣሪዋ ከኋላው። «መጀመሪያ ትታያለች። ትፋቃለች። ነፋስ ከተነሳ ደግሞ እንጠብቃለን።»

ሰውየው የማንን ቃል እንደሚይዝ ግራ ገብቶት ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው።

«እሷን እመን» አለ ወንድሟ፤ የብረት በሩንም ከማጠፊያው ሊነቅለው ወደ ውጭ ወጣ።